ሌላ እጅ

ባለግንቡ ባውዲልዮ፣ ዐይኑ ከመነጽር፣
ከአድማስ ጥግ ካለው ግንብ ጋር ሲነጋገር፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረ ቃል ሳይናገር።

ማዶ ጥቁሩ ኳስ ሲወጣ ያወጣል፣
ሲወርድ ያወርዳል።
ሰሙ በእጁ ያልፋል፤
ወርቁን የማድሪድ መሳቢያ ቆልፎታል።

ንግሥት ወልዳ ይሁን፣ ስንዴ ተወድዶ፣
ወይ ጦር ተነሥቶ፣ ወይ ሰው ተሰድዶ፣
እሱ ሰንሰለት ሳበ፤ ወሬው ሄደ ነጉዶ።

ከታች የካስቲያ ሜዳ፣ አፈሩ ቀይ ዳማ፣
የጥብስ ቅጠል ዱሩ ከነፋስ ሲማማ፣
ሽመላ ምንቃሯን ስታጋጭ ሲሰማ፣
እሱ ከአንዲት ነጥብ ዐይኑን አይነቅልም።

የወዲያኛውን ሰው መልኩን አያውቅም፤
ስሙ ሲክስቶ ይሁን ፕሩደንስዮ፣ የነገረው የለም።
እጁን ግን ያውቀዋል፦
ሰኞ ሰኞ ይለግማል፣
ሲከፋው ይቸኩላል፣
ከምሳ በኋላ ኳሱን ሲያወርድ ያዛጋል።

አንድ የኅዳር ጠዋት፣ ጉሙ እንደገለጠ፣
ኳሱ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንገዳገድ፣ ሮጠ።
ሌላ እጅ ነበረ።

መዝገቡ ላይ ጻፈ፦ «ሰማዩ ጠራ። ምልክቱ ሰመረ።»
መነጽሩን በእጅጌው ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።

ሞቶ ይሁን ተሹሞ፣ ማንን ይጠይቀው?

ከምሳ በኋላ ኳሱን ሲያወርደው፣
ቀስ አለ፣
እንደሚያዛጋ ሰው።