ከአምስት መቶ ቃል ባልበለጠ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሰማንያ ሦስት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ውሃ የሚጠብቅ
ጀሪካን ተሰልፎ ደረጃውን ሞልቷል፤
ታች ያለው ቧንቧ አንዴ ሳል ብሎ ትቶታል።
እኔ በስልኬ ብርሃን ቅጹን እሞላለሁ።
ሙሉ ስም፦ ሰብለወንጌል ካሣ። ይኼን አውቀዋለሁ።
ዕድሜ፦ ሠላሳ ስምንት። ጣቴ ትንሽ ዘገየ፣
ሰው ከኋላዬ ቆሞ ቁጥሩን እንዳየ።
የቀድሞ ሙያ፦ ሂሳብ ሹም፣ የብሎኬት ፋብሪካ፤
ዐሥራ አራት ዓመት አሸዋ በቢያጆ፣ ሲሚንቶ በኩንታል ስለካ።
ቀጥሎ ባዶ ሳጥን፣ ያልታረሰ መሬት የሚያህል፤
«ነርስ መሆን ለምን ፈለጉ? ከአምስት መቶ ቃል ባልበለጠ ያብራሩ» ይላል።

ጻፍኩ፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ…»። አጠፋሁት፤ ውሸት።
ከልጅነቴ የምወደው ደረሰኝ ነው፣ የካርቦን ወረቀት።
ጻፍኩ፦ «ወገኔን ለማገልገል…»። ይኼማ የምርጫ ቅስቀሳ!
እሱንም አጠፋሁ። ቆየሁ፣ ጣቴን ሳላነሣ።

ወረቀት ማሰባሰቡ ክረምቱን ጨረሰ።
ጅማ ሄጄ መዝገቡ ሲገለጥ አቧራው ጤሰ፤
ለካ ዲግሪዬን የወጪ መጋራት ዕዳ ይዞት ኖሯል፤
የሰው ሂሳብ የሚዘጋ እጅ የራሱን ረስቷል።
ዘርትሁን የምትባል ጸሐፊ በመነጽሯ አናት አየችኝና
«አሁን? ነርስ?» አለች። ማኅተሙን አንሥታ፣ እንደገና
ቀለሙ ላይ ተጫነችው።
«እኔም ልብስ ስፌት መማር ያምረኛል» አለችና መታችው።

አቶ ምንውየለትን የድጋፍ ደብዳቤ ብለምነው
«ሰኔ ሠላሳ ይለፍ» አለኝ፤ «ሂሳብ መዝጊያ ነው።»
ሰኔ አለፈ። ነሐሴ ላይ ሁለት መስመር ጻፈ፦
«ሠራተኛዋ ታማኝ ናት። ካዝና ጎድሎባት አያውቅም።»
ለበሽተኛ ይኼ ምን ይጠቅም?

ቅዳሜ ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ኬሚስትሪ እማራለሁ፤
ልጆቼን ከሚያህሉ ልጆች ጋር ዴስክ እጋራለሁ።
ኪያ የምትባል ባለ ሹሩባ፣ ሞል ምን እንደሆነ ሦስቴ አስረድታኝ
«አይክበድሽ፣ እናቴ» አለችኝ።
ሳቅኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ቃሉ ታክሲው ውስጥ ተከተለኝ፤
አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሂሳብም አልከፈለልኝ።

እውነቱ ያለው ሁለት ፎቅ ወረድ ብሎ ነው፤
ጋሽ በዳሳ ቤት፣ የአሰብ መንገድ ተሳቢ ሹፌር የነበረው።
ፍሬን ሲረግጥ የኖረ ቀኝ እግሩን ስኳር በልቶታል።
ጤና ጣቢያ «በየሁለት ቀኑ ና» ይሉታል፤
በየትኛው ባጃጅ? በየትኛው ጉልበት?
አንድ ማታ ፋሻው ርሶ፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።
እጄን ታጠብኩ።
ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ እጄን ታጠብኩ።

ቁስል እንደ ደብተር ነው፣ በየቀኑ ካልመዘገቡት ያታልላል፦
ጠርዙ ቀልቷል ወይስ ገርጥቷል? ሲነካ ይሞቃል?
ስፋቱን በማስመሪያ ለክቼ በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩ፦
ሦስት ተኩል። ሦስት። ሁለት ነጥብ ስምንት።
እንደገና ሦስት። ያን ማታ ደረጃው ላይ አለቀስኩ።
የሥጋ ዴቢትና ክሬዲት እኩል አይመጣም፤
በዐሥራ አራት ዓመት ግን አንድም ቁጥር አላስለቀሰኝም።

«ሐኪሟ!» ይለኛል ጋሽ በዳሳ፣ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ፤
«አይደለሁም» እለዋለሁ። «መንጃ ፈቃድስ መቼ ነበረኝ» ይላል፣ «መጀመሪያ አሰብ ስገባ» ስቆ።

ይኼን ጻፍኩ። ቆጠርኩት፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ቃል።
ቀሪውን ባዶ ተውኩት፤ ባዶም ይነበባል።
«ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፤ ኔትወርክ የለም።
ከታች አንድ ሰው «መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ፤
በር ተከፈተ፣ ላስቲክ ተንጓጓ፣ ደረጃው ተናወጠ።
ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፤ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥዬ ወረድኩ።
ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጋሽ በዳሳ ጀሪካኖች ደጁ ላይ ቆመዋል፤
የእኔን እዚያው አስቀምጬ የእሱን አነሣሁ።
ኪሴ ውስጥ ክቧ ገና ትዞራለች።