የኢቮር ክዳን

ትናንት ጽዳት ሠሪው ለመብራቱ ሳስቶ
ማተሚያውን አጠፋው፤ ወጣ በሩን ዘግቶ።

ዛሬ ዐርብ ነው በዌልስ፤ ብላይናይ ዝናብ ነው።
ነሪስ ጸሎት ቤቱን በጧት የከፈተችው
መቶ ሃያ ወረቀት ልታትም ለቀብር፤
ገና አንዱን አውጥታ በመስኮት ስትመረምር፣
«ባል» የሚለው ቃላቸው፣ መሐሉ ላይ ያለች
ጣሪያ የደፋችው ፊደል የት ገባች?
በቦታዋ ሣጥን።
ባዶ። ትንሽ። ጠርዙ ጥቁር።

መምሪያው «ቋሚ» ይላል እንዲህ ያለ ፎንት፤
ቋሚነቱ ግና እስኪጠፋ መብራት።
ዲስኬቱን አስገባች። «ሜሞሪ ሞልቷል» አለ፤
አንዱ ካልተነሣ ለሌላው ቦታ የለ።
የቅዳሜዋን ሙሽራ ጥምዝምዝ ጽሕፈት
ጣቷ ሳይወድ ሳይወድ ሰረዘው በቅጽበት።
ከዚያ ቁጭ ብላ መጠበቅ፦ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ፣
ፊደሉ በሽቦው ጠብ፣ ጠብ
እንደሚያፈስ ጣሪያ።

ኢቮር፣ ሃምሳ ዓመት በዚህ ሁሉ መንደር
ድንጋይ እየሰነጠቀ ቤት ሲከድን የነበር፣
የጸሎት ቤቱንም የጠገነው ዘንድሮ እንኳን፣
ያ የክዳኑ ጌታ ማክሰኞ ለት ከዳን።

ሚስቱ ሞርቪዝ መጣች ከነጃንጥላዋ፤
«ባል» ከሚለው ቃል ላይ አረፈ አውራ ጣቷ።
ምንም አልተናገረች።
ጣሪያው አለ።

ነሪስ ማብሪያው አጠገብ በእጇ ጽፋ ለጠፈች፦ «አታጥፉ።»
ኋላ ነው ትዝ ያላት፤ የነገው ሠርግ ጽሑፍም
«ባል» ይላል፤ ያለዚያች ጣሪያ አይሆንም።
ታዲያ ነገ ጧት፣ የሙሽራዋ ጥምዝምዝ ሲመለስ፣
ማንን ልታስወጣ ነው?