ውሃ ቀጠነ

ነገር የሚፈልግ ሰው «ውሃ ቀጠነ» ይላል፤
በኔ ቤት ግን፣ ኦስተንድ፣ ከወደቡ ጀርባ፣
እውነትም ውሃ ቀጥኖ ሰው ይገድላል።
ስለዚህ ማልጄ ዱቄቱን በማንኪያ ሰፍሬ፣
ብርጭቆው ላይ በትኜ፣ አማስዬ፣ እስከ መቶ ቆጥሬ፣
ማር እስኪመስል ድረስ አወፍረዋለሁ።
ቀጭኑ መንገድ ይስታል፤ ሳንባ ይገባል።
ባለፈው ኅዳር ገብቶ፣ ዘጠኝ ሌሊት
የሆስፒታል ወንበር ላይ አድሬ አይቻለሁ።

ፊርማን ይህን አያውቅም።
ሰባት ሳምንት ሙሉ ጨረር አንገቱን እንደለበለበው፣
ምራቁን እንዳደረቀው፣ ጉሮሮውን እንዳጠበበው፣
ድምፁን ልጦ ልጦ ሹክሹክታ ብቻ እንዳስቀረለት፣
ካንሰሩን ጭምር፣ ረስቶታል።
«ጠፍቷል» ብላለች ሐኪሟ፤
አብሮት ማን እንደጠፋ ግን አልጻፈችም።

በየማለዳው እጁን አንገቱ ላይ ጭኖ፣
«ድምፄን ማን ወሰደው?» ይለኛል።
መጀመሪያ እውነቱን ነገርኩት። አለቀሰ።
በማግስቱ ጠየቀ፤ ነገርኩት፤ አለቀሰ።
አንድን ሰው ካንሰር ስንት ጊዜ ይይዘዋል?
የኔን ባል፣ በኔ አፍ፣ አሥራ አንዴ ይዞታል።
በአሥራ ሁለተኛው «ጉንፋን ነው» አልኩት፤ «ይለቅሃል።»
ተመስገን ብሎ ጫማውን ፈለገ።

ሆዱ ላይ ያለውን ቱቦ በጨለማ ሲያገኘው
መረብ የተጠላለፈበት ይመስለዋል፤ ይጎትታል።
ሁለቴ ነቅሎታል።
ነርሷ አነሊን «እጁን ብናስረውስ?» አለች። እምቢ አልኩ።
ሸሚዙን በጀርባው በኩል ቆለፍኩለት፣
ለመዳፉም ቁራጭ ገመድ ሰጠሁት፤
ቋጠሮ ሲፈታ ያድራል።

በቀን ግን በአፉ ይቅመስ ብለዋል፤
ሦስት ማንኪያ የተፈጨ ካሮት፣
ጉሮሮው ሥራውን እንዳይረሳ።
«አገጭህን ወደ ደረትህ። አሁን ዋጥ።»
አገጩን ያስታውሳል፤ መዋጡን ይረሳል።
ጉንጩ እንደሞላ ያየኛል፣
ቤት ተሳስቶ እንደገባ እንግዳ።

አንድ ሐሙስ፣ ከድካሜ የተነሳ፣ በድሮ ድምፁ
(ይህ ሰው አርባ ዓመት የዓሣ ጨረታ ሲጠራ ኖሯል፤
እዚያ ገበያ ዋጋ ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፣
ቀድሞ ያስቆመው ይገዛል)
«ሃምሳ!» ብዬ ጮህኩበት። «አርባ አምስት! አርባ!»
ዓይኑ ነቃ። «ሠላሳ አምስት! ሠላሳ!»
እጁ ከጠረጴዛው ተነሳ።
ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ።
«ተሸጠ» አለ፣ በዚያች ቀሪ ትንፋሹ።

ካሮቱ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ በየምሳው ዓሣ እሸጥለታለሁ።
አንዳንዴ አይሠራም፤ ዋጋው ዜሮ ይደርስና
ሁለታችንም ዝም እንላለን።

ዛሬ ግን ሦስቱንም ገዛ።
ብርጭቆውን ሰጠሁት። ቀመሰ፤ ፊቱን አጨማደደ፤
«አንቺ ሴትዮ፣» አለ፣ «ውሃው ወፍሯል።»
ተጣላን። እንደ ባልና ሚስት።