ስልሳ አምስት ሊትር

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ባሕር ዳር ገበያ፣
ከሰልባጁ መደዳ፣ ከጎማ ጫማው ወዲያ፣
አንሙት ቦርሳ ሰቅሏል፤
አንዱ ቀበቶው ላልቷል፣ አንዱ ዚፑ ተነቅሏል፤
አንዱ ግን ሰማያዊ፣ ጀርባው በብረት ታግዞ፣
ባዶውን ይጠብቃል፣ የሰው ወገብ ቅርጽ ይዞ።

«ይሄ ተራራ ያውቃል፤ ዳሽን ወጥቶ ነው የመጣ።»
«በምን አወቅህ?» አልኩት።
«ሽታው ይናገራል።»
አሸተትኩት። ሳሙና ሳሙና ይላል።

መጀመሪያ ስፌቱን ቆነጠጥኩ በጥፍሬ፣
ዚፑን ዘጋሁ ከፈትኩ፣ ሰባት ጊዜ ቆጥሬ፤
ገለበጥኩና ውስጡን ለፀሐይ ዘረጋሁት፤
ከታች፣ ከማዕዘኑ ላይ፣ ቀዳዳ አገኘሁበት፣
የሽምብራ ፍሬ የምታህል።
«አንድ ናት» አለ አንሙት።
«ለዝናብም አንድ ትበቃዋለች» ብዬ ሃምሳ ብር ቀነስኩበት።

ባዶ ቦርሳ ይዋሻል።
ባዶውን ያነገቱት ሁሉም ትከሻ ላይ ደግ ነው፤
ሸክም ሲገባበት ነው ጠባዩ የሚታየው።
ወደ እህል ተራ ወርጄ፣ ወደ እናትነሽ ዞርኩና፣
«አሥራ ሁለት ኪሎ ሽምብራ አውሺኝ፣ ልሞክረው ልጫንና።»
«ይሸጣል እንጂ ይዋሳል እንዴ፣ ደግሞ ሽምብራ?
አንዲት ፍሬ ብትወድቅ ትለቅማለህ በተራ!»
ግን ሰፈረችልኝ፣ እየሳቀች።

ወገቤ ላይ አጠበቅሁ፣ ትከሻዬን አቀለልኩ፣
እስከ አስፋልቱ ወጣሁ፣ ከዘንባባው ሥር ተመለስኩ።
አንድ ባጃጅ ቆመና፣ «አባቴ፣ ልትመንን ነው?»
«የለም፣ ልዞር ነው» አልኩት፣ «በእግሬ ነው የምዞረው፤
ጣናን በቀኝ ይዤ፣ ከዘጌ ወደ ቁንዝላ፣
ደልጊ፣ ከዚያ ጎርጎራ፤ ስድስት ቀን ነው በጠቅላላ...»
ሳልጨርስ ነዳው። ተሳፋሪ አገኘ።

የድሮው ቦርሳዬ አርባ ሊትር ነበር።
አርባ ይበቃ ነበር፤
ድንኳኑ በማንደፍሮ፣ ምሰሶው በእኔ በኩል፣
ድስቱ በእሱ፣ ምድጃው በእኔ፣ ውሃው እኩል በእኩል፣
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ።
ያቺ ማንኪያና ሹካ፣ ለሁለት የምትላቀቀው፣
እሱ በማንኪያው ሲጎርስ፣ እኔ ሹካውን ስጠብቀው፣
ሾርባ የሆነ ቀን ደግሞ ተራ በተራ።

ሐምሌ ላይ ባጃጅ ገጨው።
ጉልበቱ ውስጥ አሁን አራት ብሎን አለ።
ሐኪሙ «ቀስ እያልክ» አለው፤
ቀስ ማለት እስከ የት እንደሆነ አልነገረው።

«ስንት ይይዛል?» አልኩት አንሙትን፣ እያወቅሁ፤
ቁጥሩ ጎኑ ላይ አለ፣ ከሰው አፍ ግን ጠበቅሁ።
«ስልሳ አምስት። ቤትህን ሙሉ ትጭንበታለህ።
ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ነው።»
ለአንድ ሰው።

ደወልኩ።
«ገዛህ?» አለ ማንደፍሮ።
«ገና ነኝ።»
«ስንት ሊትር?»
ነገርኩት። ዝም አለ።
በስልኩ ውስጥ የውሃ ወፍ ሲጮኽ ሰማሁ፤
ሽምብጥ፣ በረንዳው ላይ ነው የሚውለው፣ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ።
«የወገቡ ቀበቶ ወፍራም ነው?» አለ ቆይቶ።
«ነው።»
«እንግዲያው ውሰደው። ነገ ናና ድንኳኑን አራግፍ፤
የቁንዝላ አሸዋ እስካሁን አለበት።
ከባዱን ወደ ጀርባህ አስጠጋ፤
ሁልጊዜ ወደ ውጭ ታደርገዋለህ፣ ከኋላህ ሆኜ አይቼሃለሁ።
ማንኪያዋን ያዝ።
ሹካዋ እኔ ጋ ትቆይ።»

እናትነሽ ሽምብራውን ሚዛን ላይ ስትመልሰው
ሩብ ኪሎ ጎደለ።
ውስጡን ገለበጥነው፣ ኪሶቹን ፈተሽን፤
አንሙት መሬት መሬት ያያል።
ዞር ስል፣ ከዘንባባው ሥር እስከ እህል ተራ
በመጣሁበት መንገድ፣ አንድ በአንድ፣
ዋኖሶች እየለቀሙ ይከተሉኛል።