ቁጥሩን ንገሩኝ ላልሽው

እልፍነሽ፣ ቁጥሩን ንገሩኝ ላልሽው፣
«ደህና ነን» ስንልሽ ለማታምኚው፣
መነጽሬን አጥቼ፣ በሲፈን ዓይን አይቼ፣
ይኸው ልቆጥርልሽ ደብተሩን ከፍቼ።

አዳማ እንደምታውቂያት ናት፤ ንፋሷ አቧራ ይነሰንሳል፣
ያጠብኩት አንሶላ ገመድ ላይ ሳለ ይቆሽሻል።
ፓፓያዋ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ያዘች፤
ሁለቱን ወፍ በላ፣ አንዷ ሳትበስል ወደቀች።
ባጃጅ ወደ ፍራንኮ በአምስት ብር ጨመረ፤
ለምን ብለው ጊዜ እኔኑ ተማረረ።
የቶሎሳ ሚስት ወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፤
ቶሎሳ ለሰው ሁሉ ያወራል፣ ሰንጋ እንደገዛ ሰው ተኩራርቶ።
የንፋሱ ማማዎች ከደጃችን አሥር ይታያሉ፤
አንዱ ቆሟል ሰሞኑን፣ የቀሩት ይዞራሉ።

የእኔ ግፊት? መቶ አርባ በዘጠና።
ጨው ቀንሻለሁ፤ ጎመኑ አልጣፍጥ አለኝ እንጂ እኔስ ደህና።

ወደ አባትሽ ስመጣ…
ቆይ፣ ትንሽ ውሃ ልጠጣ።

ጠዋት ሳይበላ መቶ ስልሳ ሦስት፣
በልቶ ሲለካ ሁለት መቶ አርባ አምስት።
መብራት ሲጠፋ መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልዬ
እንስራው ውስጥ አኖረዋለሁ፣ ከውሃው በላይ አንጠልጥዬ።
«ሠላሳ አንድ ዓመት ወንጂ ስኳር ሠራሁ» ይላል፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ፤
«እሱ ደግሞ እኔን ሠራኝ፣ ሲጠብቀኝ ቆይቶ አድፍጦ።»
ሲስቅ ጥርሱን አትቁጠሪበት፤
ያን ሒሳብ ዘግተነዋል፣ ሰላም እንዲሆን በቤት።

አንቺ እዚያ ማልሞ የሰው አባት ታጥቢያለሽ፣
የሰው እናት ክንድ ላይ ግፊት ትለኪያለሽ፤
በስልክ ስታዪን ደግሞ ፊታችንን ታነቢያለሽ፣
«እማዬ፣ ስልኩን እስኪ ወደ እግሩ አዙሪው» ትያለሽ።

ያን ቀን ኔትወርክ ጠፋ ያልኩሽ፣ አልጠፋም ነበር ልጄ፤
የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

ሐሙስ ነው የገባው፣ ቅዳሜ ወጣ።
ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ እጁ ግን ረጋ ያለ፤
«ቶሎ በመምጣታችሁ ሌላው ተረፈ» አለ።
አባትሽ አልጮኸም። ነጠላ ጫማውን ቁልቁል አየና
«ይሄ ሰፋኝ» አለ፣ «በሉ እንሂድ፣ ባጃጅ ጥሩና።»

ቁጥር ነው ያልሽው፤ ቁጥሩ ይሄ ነው፤
የአባትሽ የእግር ጣት ዘጠኝ ነው።

አትጩኺ። የምታለቅሺም ከሆነ ከሥራ ስትወጪ፣
ደግሞ እንደ አምናው በብድር ቲኬት እንዳትቆርጪ።
እሱ ተኝቷል። ቁስሉ ደርቋል፤ በየሁለት ቀኑ ይታሸጋል።
እኔም ማታ በር ከመቆለፌ በፊት ቤተሰቡን እቆጥራለሁ፤
ሁሌም
እልፍ ይጎድላል።

በይ ሲፈን «ባትሪው ሊያልቅ ነው» ትለኛለች።
ደህና እደሪ።
ይሄኛው እውነት ነው።