ወደ ላይ

ሥራዬ መስቀል ነው።
ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ፣
የሰው ሥዕል መስቀል፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃምሳ በላይ፤
ውሃ ልኩን ይዞ፣ አረፋዋ መሃል እስክትቆም ጠብቆ፣
ድሪሉን አጥፍቶ፣ ብናኙን አራግፎ፣ ጣት እንዳይነካው ተጠንቅቆ።
ወይዘሮ ፀዳለ ከበሩ ቆማ «ሁለት ጣት ወደ ግራ» ትለኛለች፤
ዓይኗ ከውሃ ልክ ይበልጣል፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም፣ ልክ ነች።

ማክሰኞ ለት የምናሴ ሥራ መጣ፣ ተጠቅልሎ በብርድ ልብስ፤
ዝርዝሩ «ድብልቅ ቁስ፣ በቆርቆሮ» ይላል፤ አርእስቱ «ትንፋሽ ሲመለስ»።
ፈታሁት።
ዝገቱን ወርቅ ቀብቶታል፣ ጥግ ጥጉን በሰማያዊ፤
መሃሉ ላይ ቀይ ጭረት አለ፣ ካታሎጉ የሚለው «ምልክት፣ ምሥጢራዊ»።
አንገቴን ዘቅዝቄ አየሁት።

አራት መቶ አሥራ ሰባት።
የኛ ቤት።

ካዛንቺስ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ፤
ቀያሹ የጻፈው፣ «ለምዝገባ ነው» እያለ እናቴን ደልሎ።
የቀለሙን ጣሳ የያዝኩለት እኔ ነኝ፤
ሁለት ብር ሰጠኝ።
ሦስቱም ቀዳዶች አሉ፤ አንዱ የወንድሜ የናሁሠናይ ወንጭፍ፣
አንዱ የቁልፍ ማንጠልጠያ ሚስማር፣ ሦስተኛው ዝገት የበላው፣ ከጠርዙ ጫፍ።
ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በነሱ ሾልካ ፍራሻችን ላይ
ሦስት ሳንቲም ትጥል ነበር።
ስንሻማባቸው ከጭብጣችን ላይ ይወጣሉ፤ አይያዙም ነበር።
ነጩ ግድግዳ ላይ ግን ጠቆሩ።

ለፀዳለ ነገርኳት። ዝም አለች። መነጽሯን አወለቀች።
«እውነትህን ነው? የተወለድክበት?» ደግማ ጠየቀች።
እጄን ያዘችኝ፤ ከልቧ ነበር፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤
ማታውኑ ግን ዋጋው ላይ ሺህ ዶላር ተጨምሯል።
አልተቀየምኩም። እንዲያውም ጥቂት ኮራሁ፤
ካሳ አይታሰብለትም የተባለ አጥር በዶላር ሲጠራ ሰማሁ።

የመክፈቻው ምሽት፣ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሣ፣
ሁሉም ስልኩን አበራ፤ ብርጭቆውን ግን ማንም አልረሣ።
ምናሴ «ቀዳዶቹ ዝምታ ናቸው» ሲል እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤
ወንጭፉ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ፤ ጓንቴን ነከስኩ፣ እንዳያውቁ።
መልካም ልጅ ነው ምናሴ። ከአሮጌ ብረት ሻጭ በኪሎ ነው የገዛው፤
ማን እንደኖረበት አልጠየቀም፤ ሻጩም አያውቀው።
ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ፀዳለ በዓይኗ ጠራችኝ፤
የምስር ክክ የምታህል ቀይ ነጥብ ሰጠችኝ።

ተሽጧል።
ቤታችን ለሁለተኛ ጊዜ በቀይ ምልክት ተደረገበት።

ትናንት አሸግኩት። ሳጥኑ ዱባይ ይሄዳል።
ከመጠቅለሌ በፊት፣ ማንም ሳይኖር፣ ወደ መስኮቱ አነሣሁት፤
ሦስት ሳንቲም ወለሉ ላይ ወደቀ።
አንዷ ጓንቴ ላይ አረፈች፤ ጨበጥኳት።
እንደ ድሮው፣ ከጭብጤ ላይ ወጣች።

ክዳኑን ገጠምኩ፣ አሥራ ስድስት ብሎን፤
ማርከሬን አወጣሁ፣ ቀስቱን ልሥል፣ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሆን።
ምናሴ ገልብጦታል። ካታሎጉም ገልብጦታል።
አጥራችን እንዴት እንደቆመ ግን እጄ ያውቃል።
«ወደ ላይ» ብዬ ጻፍኩ፤
ቀስቱንም እንደ ቤታችን አዞርኩ።