ማን ልበል?

በጥር ሌሊት፣ ታርቱ፣ ወንዙ በረዶ ለብሶ፣
የራይሳ ላፕቶፕ ጋለ፣ ከምድጃ ብሶ።
ማራገቢያው አይዞር፣ መብራቱ አይበራም፣
ክዳኑ ከተዘጋ ዳግም ነፍስ አይዘራም።
ሱቅ ውስጥ፣ በዊንዶውስ፣ ሻጩ የከፈተው ለታ
ዘሎ ነበር የነቃው፣ ሳይሞላ ግማሽ አፍታ።

ፈርምዌሩን ገልጣ፣ ዓይኗ እስኪቀላ፣
መስመር በመስመር ወርዳ፣ ከእኩለ ሌሊት ኋላ፣
አገኘችው ዘበኛውን። ሲስተሙ ገና ሲነሣ
«ማን ልበል?» ይላል፣ ድምፁን ሳያነሣ።
«ዊንዶውስ ነኝ» ላለው በሩ ወለል ይላል፤
«ሊኑክስ ነኝ» ላለውስ?
አይሳደብ፣ አይገፋ፤ ሰምቶ ዝም ይላል፣
ማራገቢያው ያለበትን መስመር ቀስ ብሎ ይዘላል።

ክፋትም አልመሰላት። ታይዋን ውስጥ አንድ ምስኪን
በአንዱ ብቻ ፈትኖ፣ «ይሠራል» ብሎ ፈርሞ፣
ለመጨረሻው አውቶቡስ ሮጦ ይሆናል፣
ጃኬቱን እንኳ ረስቶ።

አንዲት መስመር ጨመረች፦
«ሲጠይቅህ፣ ዊንዶውስ ነኝ በለው።»
ማራገቢያው እፎይ አለ፤
ጠረጴዛው ላይ የተረሳ ደረሰኝ አርገበገበው።

ሳቀች። ሳቋ ግን አልዘለቀም።
ይህን ክፍል ልትከራይ ስትደውል፣ በመስከረም፣
«ማን ልበል?» ሲሏት፣
የናርቫዋ ልጅ፣ አፏን በራሽያኛ የፈታች፣
«ራይሊ ነኝ» ነበር ያለች።
ስም መልአክ ቢያወጣውም፣ ኪራይ አይከፍል መልአኩ፤
ቁልፉን በነጋታው ሰጧት፣ ሻይ ጋብዘው፣ እየሳቁ።

ከመስመሩ ጎን ጻፈች፦ «ውሸት ነው፤ ግን ይሠራል።»
ከሥሩ ስሟን ልታኖር፣ «ራይ» ብላ እጇ ቆሟል፤
ጠቋሚው
ይጠፋል፣ ይበራል።